ጃምፐሯን ማን ነካት?

ጥቅምት 3

ይድረስ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጠረቀመው ወንድሜ፤

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ ያንተን አልጠይቅም። ትናንት ስልኩን በዚያ ጉልበት የዘጋ ክንድ ምንም እንዳልሆነ በገዛ ጆሮዬ አረጋግጫለሁ። ከእንግዲህ በደብዳቤ እንነጋገራለን። ወረቀት ላይ ስትጮህ ቢያንስ ለጎረቤት አይሰማም። አባባም አይሰሙም። ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፣ ወንበራቸውም ከስልኩ አጠገብ ነው፤ እዚያ ማዶ ሆነህ የምትለውን እያንዳንዷን ቃል ይሰማሉ። ሐኪሞቹ ያወጡት ማንቁርታቸውን ነው እንጂ ጆሯቸውን አይደለም።

«ምን አድርገሽ አበላሸሽው?» ነበር ጥያቄህ። «ምን ሆነ?» እንኳን አላልክም። እኔ ታላቅህ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቀው እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ነው።

የሆነውን ልንገርህ። ሰኞ ጠዋት አባባ ቁርሳቸውን በልተው እንደ ልማዳቸው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። አንተ ፊደሎቹን የለጠፍክበትን ኪቦርድ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው «ሻይ» ሊሉ ተጫኑ። ከድምፅ ማጉያው የወጣው ግን «ሻይ» አልነበረም። ምን እንደነበረ በፊደል ልጽፍልህ አልችልም፤ ሰው ትን ብሎት ሊናገር ሲታገል የሚያወጣው ዓይነት ነገር ነው። ስክሪኑ በቀይና በሰማያዊ ነጠብጣብ ተሞላ። ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። አጥፍቼ አበራሁት። ለኔ የደንበኞች ማመልከቻ ትየባ እንደ ድሮው ይሠራል። አባባ ሊናገሩበት ሲሉ ብቻ ነው ያንን የሚያመጣው።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ቆመው ባለጉዳይ ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ሆነው ሲጣሩ በር ላይ የቆመ ጠበቃ ሲጋራውን ጥሎ ይሮጥ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት አስቀምጠህ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያስነበብካቸውና የቀዳኸው ያንን ድምፅ ነው። ካርዱን በእጅህ ሠርተህ፣ ድምፃቸውን ቺፖቹ ላይ አሳርፈህ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ በራስዎ ድምፅ ይናገራሉ» ብለህ ቀዶ ጥገናውን ሳትጠብቅ ሄድክ። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይናገሩ ነበር። «ሾርባው ጨው የለውም።» «በሩን ዝጉት።» «በያጁ ጫማውን ያውልቅ።» ባሌን ዛሬም በሥራው ነው የሚጠሩት፤ ብረት በያጅ ስለሆነ ስሙን ጠርተውት አያውቁም።

አሁን እርሳስና ወረቀት ይዘው ቁጭ ብለዋል። ይጽፋሉ፣ ይቀድዳሉ፣ ይወረውራሉ።

ስለ መምጣትህ አልጠይቅህም። ስልኩን የዘጋኸው እዚያ ላይ ስንደርስ ነበር።

ታላቅ እህትህ


ጥቅምት 14

ለእታለም፤

ስልኩ ተቋርጦ ነው። ዘጋው ብለሽ ከተቀየምሽ ይቅርታ።

በስልኩ «ካርድህ ለምን ጉድ ሠራን?» ብለሽኝ ነበር። ካርዴ ጉድ አልሠራም። እኔ የሠራሁት ነገር ሰው ካልነካው አይበላሽም። ስልክ ላይ በመሐል ስለ ፋክስ አንድ ነገር ጣል አድርገሽ ነበር፤ ያን ዕለት አላስተዋልኩትም፣ በኋላ ሳስበው ግን ደሜ ፈላ። ማሽኑ ላይ የፋክስ ካርድ ጨምረሻል፣ አይደል? ማመልከቻ መተየቡ አልበቃ ብሎሽ ለነጋዴ ፋክስ ልትልኪ። ማንን ጠይቀሽ?

ለምን እንደምቆጣ ይገባሽ ዘንድ ላስረዳሽ። የኮምፒውተር ሚሞሪ አንድ ረጅም መንደር ነው በይ። እያንዳንዱ ቤት ቁጥር አለው። ከታች ያለው ሰፊው ሰፈር የፕሮግራሞች ነው። ላይኛው ጫፍ ላይ ለካርዶች የተተወ ጠባብ ቦታ አለ። ስክሪኑን የሚያሠራው ካርድ እዚያ የራሱ ቤት አለው፣ የአባባ ካርድም የራሱ። ካርዶቹ የሚሰኩባቸው እነዚያ ረጃጅም ስሎቶች ደግሞ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ነው የተንጠለጠሉት። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል፣ የቤት ቁጥር ሲጠራ ካርዶቹ በሙሉ ይሰማሉ፤ የሚመልሰው ቁጥሩ የሱ የሆነው ብቻ ነው። ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ላይ ከተቀመጡ ሁለቱም «አቤት» ይላሉ፤ መልሱ ይደበላለቃል። ይህን ለአባባ ስነግራቸው ከኔ በላይ ነው የገባቸው። «አንድ ስም ስጠራ ሁለት ሰው ተነስቶ በሩ ላይ እንደሚጋፋው ማለት ነዋ» አሉኝ፤ ያኔ ገና ድምፅ ነበራቸው።

ደግሞ ቦታው ጠባብ ነው። የፊደል ገበታው ድምፅ በሙሉ በዚያች ቤት ስለማይገባ ካርዱ በየተራ ነው የሚያቀርበው፤ አንዴ የ«ለ»ን ቤተሰብ ወደ መስኮቱ ያመጣል፣ አንዴ የ«መ»ን። ቦታ ልቆጥብ ብዬ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ድምፃቸው አንድ ነው፣ አንዱን ብቻ ልቅዳ ስላቸው አባባ ተቆጥተው ሦስቱንም ካላነበብኩ ብለው ድርቅ አሉ። ሦስቱንም ቀዳሁላቸው። ይህን ያህል ተጨናንቄ ያስገባሁት ነገር ላይ ነው አንቺ ፋክስ የደረብሽበት።

ማሽኑን አጥፊ። ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀይ። ክዳኑን በካቻቢቴ ፍቺና የፋክስ ካርዱን አውጪ። ውጤቱን ቶሎ ጻፊልኝ።

ስለዚያኛው ጉዳይ፣ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ አሁን ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ነው አሉኝ። ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

ወንድምሽ


ጥቅምት 26

ይድረስ ስልኩ ለተቋረጠበት ወንድሜ፤

ስልክ ሲቋረጥ «ተይኝ እስቲ» ብሎ አይቋረጥም።

ውጤቱን ጠይቀሃል። የፋክስ ካርዱን አወጣሁት። ባሌ ማሽኑን ይዞልኝ፣ እኔ ልክ እንዳልከው አውጥቼ ክዳኑን ገጠምኩ። አባባ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጡ። ያው ነው። ያው ትንታ፣ ያው ነጠብጣብ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ፋክስ ያስልኩኝ የነበሩት ነጋዴዎች ግን ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ ሄደዋል፣ በዚያው ይቀራሉም። ማንን ጠይቀሽ ላልከኝ፣ ማንንም አልጠየቅኩም፣ ካርዱን የሸጠልኝ ሰው ገና በክረምት መጥቶ ሰካልኝ፤ ማሽኑ ያለው እኔ ቤት ነው፣ መብራቱን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ አባባም ያሉት እኔ ቤት ነው።

ይኸው ነው ሙያህ? አገር አቋርጦ የሄደ ባለሙያ፣ ሳያይ፣ ሳይነካ፣ በግምት የሰው እንጀራ ያስዘጋል?

ሰፈሩ ሁሉ ያደንቅሃል፤ እኔም አደንቅህ ነበር። ሰው ሁሉ «ልጃቸው እኮ ድምፃቸውን መለሰላቸው» ይላል። እውነት ነው። አንገታቸው ላይ ያለውን ቱቦ ጠዋትና ማታ የሚያጥብ ካርድ ግን አልሠራህም። አክታቸውን የሚጠርግ፣ ሲያስላቸው ጀርባቸውን የሚደግፍ፣ ወረቀት ሲወረውሩ ጎንበስ ብሎ የሚለቅም ካርድ የለም። ያ ካርድ እኔ ነኝ። እኔን ሰክተህ ነው የሄድከው።

ደብዳቤህን ልደብቀው ነበር፤ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አዩትና እጃቸውን ዘረጉ። ልጅ አለኝ በሰማይ ማለት የሳቸው ነው። መነጽራቸውን አድርገው ስለ መንደሩና ስለ ቤት ቁጥሩ የጻፍከውን አነበቡ። ጨርሰው ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነበር። ፖስታውን ውስጡን አዩ። እሱም ባዶ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩና እስከ ምሳ እንደዚያው ቆዩ።

እህትህ


ኅዳር 5

ለእታለም፤

«ይኸው ነው ሙያህ?» ላልሽው መልስ አለኝ፣ ግን አንድ ጊዜ ተሳስቼ ስለተገኘሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምመልሰው። የፋክስ ካርዱን በከንቱ አስወጥቼሻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ደስ ይበልሽና መልሰሽ ሰኪው።

የመጀመሪያ ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። መጀመሪያ ሲደርሰኝ ስድቡን ብቻ ነበር ያነበብኩት መሰለኝ። «ስክሪኑ በቀይና በሰማያዊ ነጠብጣብ ተሞላ» ብለሻል። ሁሉም ነገር እዚያች ላይ ነበር። ፋክስ ስክሪን ላይ ነጠብጣብ አያመጣም። ነጠብጣብ የሚመጣው የአባባ ካርድ ከገዛ ቤቱ ወጥቶ የስክሪኑ ካርድ ቤት ውስጥ ሲገባ ነው። ስክሪኑ የአባባን ድምፅ ሥዕል ነው ብሎ ይሥለዋል፣ አባባ ደግሞ በስክሪኑ ቀለም ሊናገሩ ይሞክራሉ። ትንታ ያልሽው እሱ ነው።

አሁን ካርዱን ራሱን ታያለሽ። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ካርዱ ጠርዝ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ ቀጫጭን የብረት ጥርሶች አሉ። ከነዚያ በአንዱ ጥንድ ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ቆብ ተደፍታለች። ጃምፐር ትባላለች። ካርዱ በየትኛው የቤት ቁጥር ላይ እንደሚቀመጥ የምትወስነው እሷ ነች። ከብሎኑ በኩል ስትቆጥሪ ሁለተኛው ጥንድ ላይ መሆን አለባት። አራተኛው ላይ ካገኘሻት ካርዱ የስክሪኑ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ጣት አይዛትም፤ ቀጭን ወረንጦ ያስፈልግሻል። ካርዱን ከመንካትሽ በፊት የማሽኑን ብረት በእጅሽ ያዢ፣ አለዚያ ልብስሽ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ቺፖቹን ይገድላቸዋል። ቺፖቹ ከሞቱ ድምፃቸው ሞተ ማለት ነው። ሁለተኛ የሚቀዳ የለም።

ሦስት ጊዜ አንብበሽ ነው የምትጀምሪው።

ስለ አክታና ስለ ቱቦ የጻፍሽው ደርሶኛል። ምን እንድልሽ ፈልገሽ እንደሆነ አላውቅም። እኔም እዚህ ተቀምጬ ሙዝ እየላጥኩ አይደለም።

ወንድምሽ


ኅዳር 13

ወንድሜ፤

አራተኛው ላይ ነበረች።

የት እንዳገኘኋት በትክክል እንድጽፍልህ እንደምትፈልግ ስለማውቅ ነው በዚህ የጀመርኩት። ከብሎኑ በኩል ቆጠርኩ፣ ባሌም ቆጠረ፣ አራተኛው ላይ ነች። የቅንድብ ወረንጦዬን ቤቱን ገልብጬ አጣሁት፤ በባሌ ቀጭን ፒንሳ ትንፋሼን ይዤ ነቅዬ ሁለተኛው ላይ ደፋኋት። ባሌ ሲበይድ የሚያደርገውን መነጽር አድርጎ ነበር የሚያየኝ። ለምን እንዳደረገው አልጠየቅኩትም፣ ፈርቶ ይመስለኛል።

ከዚያ «አባባ» ብዬ ተየብኩ።

ተናገረ። በዚያ በኮሪደሩ ድምፅ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፤ አ፣ ባ፣ ባ። አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ፣ ተናድጄ ነው። ምስር ለምታህል ነገር ይህን ያህል ተፋጨን፣ ደንበኞቼ ሄዱ፣ አንተ ስልክ ዘጋህ፣ እኔ የማልለውን ተናገርኩ።

አባባ ምን እንዳሉ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ቀድሜ ልንገርህ፣ ምክንያቱም እኔም አልገባኝም። ደስ ይላቸዋል ብዬ ዞር ስል ፊታቸው ደም ለብሷል። ኪቦርዱን አቀረብኩላቸው። «ማን ሠራው?» አሉ። «እኔ ነኝ፣ እሱ በደብዳቤ እየመራኝ» አልኳቸው። «ጎበዝ» አሉ። እንዴት ያለ «ጎበዝ» መሰለህ፤ ማሽኑ ቁጣ አይችልም፣ አንዱን «በ» ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው የሚለው፣ ግን ቁጣው ታወቀኝ። ተነስተው መኝታ ቤታቸው ገቡና በሩን ዘጉት። ራት አልበሉም።

ለአንድ ሰው ድምፁን ስትመልስለት የሚቆጣ ከሆነ ምን ይደረጋል? አንተ ካወቅክ ጻፍልኝ።

እህትህ


ኅዳር 22

ለእታለም፤

እንኳን ተሠራ። እጅሽ ይባረክ። በዚህ በኩል ልቤ አረፈ፤ በሌላ በኩል ግን አንጀቴ እየበገነ ነው የምጽፍልሽ።

«ለምን ተቆጡ?» ብለሽኛል። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ጃምፐር እግር የላትም። ያቺ ቆብ በሙቀት አትንሸራተትም፣ በአቧራ አትወልቅም። ጠበቅ አድርጌ የደፋኋት እኔ ነኝ። ከሁለተኛው ተነስታ አራተኛው ላይ የተቀመጠችው ሰው ክዳኑን ፈትቶ፣ ነቅሎ፣ መርጦ ስላስቀመጣት ነው። አንቺ አይደለሽም፤ አንቺ ካቻቢቴ እንዴት እንደሚያዝ የተማርሽው ከኔ ደብዳቤ ነው። ታዲያ በቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካቻቢቴና ፒንሳ የሚይዝ ማነው?

በየቀኑ ሲገባ «በያጁ ጫማውን ያውልቅ» የሚለውን ድምፅ ዝም ለማሰኘት ከሱ የተሻለ ምክንያት ያለው ሰው ካለ ንገሪኝ። አባባም የተቆጡት እያወቁ ነው፤ በልጃቸው ባል ላይ መናገር አቅቷቸው ነው። ነገር በዓይን ይገባል። መነጽር አድርጎ ቆሞ ሲያይሽ ምን ይታይሽ ነበር? አጥፊው የጥፋቱን ቦታ ሊያይ ተመልሶ ይመጣል። ለዚያ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፤ ብረትህን በይድ፣ ከአባቴ ድምፅ ላይ እጅህን አንሳ።

ክዳኑን በብሎን አጥብቂው። የሚቻል ከሆነ ቆልፊበት።

እንግዲህ ድምፃቸው ከተመለሰ የኔ መምጣት የሚያስቸኩል አይመስለኝም። ሥራው ቀለል ሲል አስብበታለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ቢገጥምሽ አሁን መንገዱን ይዘሽዋል፤ ሥዕሉን አትጣዪው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

አንተ፤

«ባልሽ ምን አለ?» ብለህ ደግሞ ከደብዳቤህ ቀጥሎ በፖስታ ካርድ ጠየቅከኝ። መቼም የላክኸው ደብዳቤ የት እንደሚወድቅ አታስብም። ፖስታ ቤት የሄደው እሱ ነው። ለቤታችን የመጣ ነው ብሎ መንገድ ላይ ከፍቶ አነበበው። ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝና «እኔ የምበይደው ብረት ነው፣ የሰው ጉሮሮ ነክቼ አላውቅም» አለ። ልብሱን በፌስታል ይዞ ወንድሙ ቤት ሄደ። አባባን ሐኪም ቤት በጀርባው አዝሎ ያመላለሰ ሰው ነው። አንተ ያኔ የት ነበርክ? እዚያው ማዶ ነበርክ፣ ከዚያው ሆነህ ስለ ቺፕ ታስብ ነበር።

እኔም ትንሽ ተጠራጠርኩት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ በአንተ ወረቀት ምክንያት ባሌን ተጠራጠርኩት። ሲወጣ «አትሂድ» አላልኩትም።

አሁን አንብብ። ቁጭ ብለህ አንብብ።

እሱ ከወጣ በኋላ ማሽኑ እንደገና ተበላሸ። ያው ትንታ፣ ያው ነጠብጣብ። ክዳኑን ከፈትኩ። አራተኛው ላይ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አባባ ብቻ ነን። እኔ አልነካኋትም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ፤ ያሰብኩትን ማሰብ አልፈለግኩም። ከዚያ ጃኬታቸውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የቅንድብ ወረንጦዬ ወጣ።

ወረንጦውን ፊታቸው አስቀመጥኩት። አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። «አይሆንም፣ በወረቀት አይደለም» አልኳቸው። ጃምፐሯን ወደ ቦታዋ መለስኩ፣ ማሽኑን አበራሁ፣ ኪቦርዱን ጭናቸው ላይ አደረግኩና «ይናገሩ» አልኳቸው። አባቴን እንደዚያ አዝዤ አላውቅም። ጮኼ ነው ያልኳቸው። «ባሌ በርስዎ ምክንያት ከቤቱ ወጥቷል፣ ይናገሩ» አልኳቸው።

ከዚያ መጫን ጀመሩ። እሳቸው ፈጣን ናቸው፣ ታውቃለህ፤ ያን ዕለት ግን እያንዳንዱን ፊደል እየፈለጉ ነበር። ያ ባለጉዳይ ሲያስደነግጥ የኖረው ድምፅ እንዲህ አለኝ፤

«ሲሄድ፣ ከተበላሸ በማግሥቱ እመጣለሁ ብሎኛል።»

እኔም መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ብለሃቸዋል? ካርዱን ስትሠራ አጠገብህ ተቀምጠው ሲያዩህ የዋሉት እሳቸው ናቸው። «አባባ፣ ይህችን ቆብ ብቻ እንዳይነኳት፤ ከቦታዋ ከወጣች ድምፅዎ ይደበላለቃል» ብለህ በጣትህ ያሳየሃቸው አንተ ነህ። ሌላ ማን ይንገራቸው? እኔማ ጃምፐር የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ዘንድሮ ነው። ጠብቀው ጠብቀው፣ ማሽኑ እምቢ ብሎ አልበላሽ ሲላቸው በገዛ እጃቸው አበላሹት። የገዛ ድምፃቸውን። አንተ ደግሞ ሥዕል ላክህ። ሥዕሉን ይዤ እኔ ሠራሁት፤ «ጎበዝ» ያሉኝ ለዚያ ነው። እንደገና አበላሹት። ባሌ ሲከሰስም ዝም አሉ፤ ለዚህ እኔም ገና ይቅር አላልኳቸውም፣ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ።

ሥራ በዛብኝ ትላለህ፣ ፈቃድ ከለከሉኝ ትላለህ፣ ፋክሱ ነው፣ በያጁ ነው። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ። መምጣት ካልፈለግክ አልፈልግም በል። አንገታቸው ላይ ያለውን ቀዳዳ ማየት ፈርተህ ከሆነም ፈራሁ በል፤ እኔም መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፣ አንድ ሳምንት ፊቴን አዙሬ ነው ያጠብኩት። በማሽን አትሸፍነው ብቻ። ሽማግሌው ዲዳ ሆነው አንተን መጠበቅ ይሻለኛል ብለዋል፤ አንተ የሰጠኸውን ድምፅ ለአንተ ሲሉ ጥለውታል። ይህን የሚሠራ ካርድ ካለ ላክልኝ።

ነግረውኝ እንደጨረሱ ማሽኑን አጠፉት። በኔው ፊት፣ ሳያፍሩ፣ ጎንበስ ብለው ቆቧን በወረንጦዬ ነቀሏት። ወደ አራተኛው እንኳን አልወሰዷትም። መዳፌ ላይ አስቀመጧትና ጣቶቼን አጠፉልኝ።

ባሌን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ አምጥቼዋለሁ። ጃምፐሯ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነች። ምን ላድርጋት? አባባን ለማናገር ልመልሳት ወይስ ልተዋት? የምጠይቅህ ይህንን ብቻ ነው፣ በሥዕል እንዳትመልስልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 11

ለእታለም፤

ብያቸዋለሁ። ሻንጣዬን አንስቼ በር ላይ ቆሜ ነው ያልኩት። እሳቸው እጄን ይዘው አልለቅ ስላሉኝ፣ እንዲለቁኝ ነው ያልኩት። ለቀቁኝ።

ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ስለ ፍርሃት የጻፍሽውን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት፤ እሱን ስደርስ በአፌ እነግርሻለሁ።

ትናንት አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ልሄድ ነው አልኩት። «አባትህን ባሰባቸው?» አለኝ። «አይ፣ አንድ ዕቃ ተበላሽቶ ነው» አልኩት። «ለዕቃ ብለህ ነው ሥራ የምትለቀው? ስትመለስ ቦታህ አይጠብቅህም» አለ። «አዎ፣ ለዕቃ ነው» አልኩት። ሰውየው እንደ እብድ አየኝ። ልክ ነበር፤ ይህን ያህል ጊዜ እብድ ሆኜ ነው የከረምኩት።

ለባልሽ ምንም እንዳትዪልኝ። የሱን ራሴ ፊቱ ቆሜ እለዋለሁ፤ የሚለኝንም እሰማለሁ።

ጃምፐሯን አትመልሻት። ሁለተኛው ላይም አራተኛው ላይም አታድርጊያት። ክዳኑንም አትግጠሚው፤ እንደተከፈተ ይቆይ። አባባ «ምን አለ?» ብለው ከጻፉልሽ ይህንን አንብቢላቸው፦ ልጅዎ ሥዕሉን ቢያየው ቢያየው አልገባውም፣ ይህ ብልሽት በደብዳቤ የሚሠራ አይደለም፣ እሱ ራሱ መጥቶ አጠገብዎ ካልተቀመጠ አይሆንም ብሏል።

ወንድምሽ